ጥያቄ አለኝ፦ የኖርኩት ታሪክ ወረቀት ላይ ለምን ሪፖርት ይሆንብኛል?

ለአጭር ልብ ወለድ ገጻችን ከድሬዳዋና ከሐረር የሚላኩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ታክሎባቸው ነው የሚመጡት። የደብዳቤዎቹ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል፦ ጸሐፊ ያየውን፣ የሰማውንና የደረሰበትን እንዴት አድርጎ ልብ ወለድ ያደርገዋል? የተመሳሰሉትን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ እንደሚከተለው መልሰናል።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ስለ እሱ 14 ገጽ ጻፍኩ። የፈጠርኩት ነገር የለም፤ ከተቀጠረበት ቀን ጡረታ እስከ ወጣበት ድረስ ሁሉም እንዳለ ነው። ያነበቡት ጓደኞቼ ግን “የሕይወት ታሪክ ቅጽ የሞላሽ ይመስላል” አሉኝ። እውነት ሆኖ ሳለ ለምን አልያዛቸውም?

መልስ፦ ጽሑፍዎን ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦታል፤ የደረሱበት አንድ ነው። አባትዎ ገጹ ላይ አሉ፣ ሥራቸውም አለ፤ የጎደለው ምክንያት ነው። ታሪኩን የደረደሩት በዓመተ ምሕረት ስለሆነ ትዕይንቶቹን የሚያያይዛቸው “ከዚያ” የሚለው ቃል ብቻ ሆኗል። ተቀጠረ፣ ከዚያ አገባ፣ ከዚያ ወደ ወርክሾፕ ተዛወረ፣ ከዚያ ባቡሩ ቆመ። አንባቢ እንዲህ ያለውን ይከተላል እንጂ አይጨነቅለትም።

ይህን በራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ መስመር ይጻፉ። በሁለት መስመሮች መካከል “ከዚያ”፣ “በዚህ ምክንያት” ወይም “ነገር ግን” ከሚሉት አንዱን፣ በእውነት የሚገባውን፣ ያስገቡ። በእርስዎ ጽሑፍ 11 ትዕይንት ቆጠርን፤ ከ10ሩ መጋጠሚያ 9ኙ “ከዚያ” ነው። አንዱ ብቻ ይለያል፦ ባቡሩ ቆመ፣ ነገር ግን አባት ጠዋት ጠዋት ወደ ለገሃር መሄዱን አላቆመም። ይህ ገጽ 9 ላይ በሦስት ዓረፍተ ነገር አልፏል። ታሪክዎ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከፊቱ ያሉት ስምንት ገጾች እርስዎ ሊያውቋቸው የሚገቡ ናቸው፤ አንባቢው ግን አያስፈልጉትም። የዚህ ርዝመት ያለው አጭር ልብ ወለድ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ትዕይንት ነው የሚችለው።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ “አባቴ ሥራውን በጣም ይወድ ነበር። ባቡሩ ሲቆም በጣም አዘነ። ቢሆንም ካኪውን ለብሶ በየቀኑ ወደ ጣቢያው ይሄድ ነበር።”

እኛ እንዲህ ሞከርነው፦

“ገና ሳይነጋ አባዬ ካኪውን ለበሰ። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ ‘ዛሬም ልትሄድ ነው?’ አለችው። አልመለሰላትም። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ሊቆልፍ ጣቱን አንገቱ ሥር ያንቀሳቅስ ነበር፤ ቁልፉ ከተበጠሰ ሦስት ወሩ ነው። የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ማታ አጥቤ የደፋሁት እኔ ነኝ።”

ካኪው የእርስዎ ነው፣ ወደ ጣቢያው መሄዱም የእርስዎ ነው። የተበጠሰው ቁልፍና ባዶው የምሳ ዕቃ ፈጠራ ናቸው። የወጡት ቃላት “ይወድ ነበር”፣ “አዘነ” እና ሁለቱ “በጣም” ናቸው። አሁን ልጅቷ የምታውቀው፣ እናቷ ግን የማታውቀው ነገር አለ። ትነግራት ይሆን? ወይስ ተከትላው ትሄዳለች? ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት “በዚህ ምክንያት” ብሎ ይጀምራል።

አባትዎ በእርግጥ ምን ፈልገው ይሄዱ እንደነበር ላያውቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ መፍጠር ግዴታ ነው፤ ባለታሪክ አንድ የሚፈልገው ነገር ከሌለው በየትዕይንቱ እንግዳ ነው የሚሆነው። ፍላጎቱን ከራስዎ ጽሑፍ ውስጥ ይፈልጉት። ገጽ 4 ላይ አባትዎ ሪፖርታቸውን በፈረንሳይኛ ይጽፉ እንደነበር ጠቅሰው አልፈዋል። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር እውነት ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጻፈውን ከቤቱ ማንም የማያነብለት ከሆነ፣ የሚያነብለት ሰው መፈለጉ ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ከበቂ በላይ ነው።

ገጽ 2 ላይ ደግሞ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር እንደሆነና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እንደደረሰ ጽፈዋል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ግን በታሪኩ ውስጥ ማንም አይፈልጋቸውም። ስለ ሀዲዱ ስፋት ያሰፈሩት ግን ይጠቅማል፦ አንድ ሜትር መሆኑን ሠራተኛው ያነበበው ሳይሆን በእርምጃው የሚያውቀው ነገር ነው። ባቡር በሌለበት ሀዲድ መሐል ሲራመድ እግሩ የት እንደሚያርፍ ይጻፉ፤ መረጃው አብሮ ይገባል። ከሰበሰቡት ሁሉ ከ10 አንዱን ያህል ብቻ ገጹ ላይ ያስወጡ። የቀረው እንዳይሳሳቱ ይጠብቅዎታል።

ከጀጎል፣ ሐረር

ጥያቄ፦ ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። በልብ ወለዴ ውስጥ ያለችው ክፉ ሴት እሷ መሆኗን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወዲያው ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ስሟን ቀይሬያለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ነገሮች ሲገጣጠሙ ይታወቃል። በግንብ በታጠረ፣ ሰው በአያቱ ጭምር በሚታወቅበት ሰፈር ደግሞ ሦስት ምልክት ይበቃል። እነዚህን አምስት ነገሮች ስለ አክስትሽ ጻፊ፦ ሥራዋ፣ ቤቷ ያለበት ቦታ፣ የቤተሰቧ ሁኔታ (ባል የሞተባት፣ መንታ የወለደች)፣ የአካል ምልክቷ፣ እና በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ያደረገችው፣ ሰው የሚያወራው ድርጊት። የመጨረሻው ከሁሉም ያጋልጣል። ሥራዋን፣ መልኳን፣ ቤቷን ቀይረሽ ያንን ድርጊት ካስቀረሽው ሰፈሩ በአንድ ቀን ይደርስበታል።

ስለዚህ ድርጊቱን ቀይሪ፣ ከድርጊቱ ጀርባ ያለውን ስሜት አስቀሪ። በላክሽው ጽሑፍ ላይ አክስትየው በልቅሶ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ “ይህችን ያሳደግኋት ለነፍሴ ብዬ ነው” ትላለች። የሚያመው ውለታን በአደባባይ መቁጠሩ ነው። ውለታ በሠርግ ይቆጠራል፣ የትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ ላይ ይቆጠራል፣ ሐኪም ፊትም ይቆጠራል። አንዱን ምረጪ፤ ሕመሙ አይቀንስም። ቀጥሎ ሁለተኛ ሰው ቀላቅዪባት፦ የንግግር ልማዷን ከአንድ የቀድሞ መምህርት፣ ገንዘብ አያያዟን ከሌላ ሰው ውሰጂ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲቀላቀል ባለታሪኳ የራሷን መልስ መስጠት ትጀምራለች። ከአንድ ሰው ብቻ ከተቀዳች ግን ጸሐፊዋ “እሷ እንዲህ አትልም ነበር” እያለች እጇ ይያዛል፤ በተዋሰችው ሰው ልክ ታስራ ትቀራለች።

አንድ ምክር ግን ከዚህ ይለያል፦ ቤቱን አትጣይው። የሐረሪ ቤት ነደባዎች፣ ማለትም የሳሎኑ መደብ መቀመጫዎች፣ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ እስካሁን በሚገባ የተጠቀመባቸው ጽሑፍ ብዙም አልደረሰንም። አምስቱም ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩና የየራሳቸው ተቀማጭ ያላቸው ናቸው። አሚር ነደባ የአባወራና የክቡር እንግዳ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ከዓይን የተከለለ ነው። እንግዲህ አክስትየው “ጨካኝ ነበረች” ከማለት ይልቅ ልጅቷን የት እንደምታስቀምጣት አሳዪ። እንግዳ ሲመጣ ትነሣለች፤ እንግዳው ሲሄድም የተነሣችበት ቦታ አይመለስላትም። አንድ ቀን ማንም ሳይጋብዛት ከፍ ያለው ላይ ወጥታ ብትቀመጥ፣ የቤቱን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ምን እንደተደረገ ይገባዋል። የማያውቀውም ቢሆን የሌሎቹን ፊት አይቶ ይረዳል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ቤቱ ብቻውን ማንንም አያጋልጥም።

ሕጉንም ማወቅ ጥሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን አድርጎ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣልን ጥፋት ይለዋል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ለዚህ የግድ የመጉዳት ሐሳብ መኖር እንደማያስፈልግ ይናገራል። “ከእውነተኛ ሰው ጋር ቢመሳሰል አጋጣሚ ነው” የሚለው ማሳሰቢያ ሰውየዋ በግልጽ የምትታወቅ ከሆነ ብዙ አይከላከልም።

በአገራችን ሥነ ጽሑፍ የዚህ ጉዳይ ከባዱ ምሳሌ በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ነው። ደራሲው በቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ላይ ራሱ የተሳተፈበትን ነገር ነበር የጻፈው። አንባቢ ባለሥልጣናቱን ከልብ ወለድ ስማቸው ጀርባ ለይቶ አወቃቸው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የደርግ መንግሥት ጭካኔና የአንድ አክስት ቅሬታ የሚነጻጸሩ አይደሉም። አንባቢ ግን ትልቁንም ትንሹንም ሰው በምልክቱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ስትጨርሺ አክስትሽን ለሚያውቅ አንድ ሰው አስነብቢ። “ማን ትመስልሃለች?” ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ጥያቄው ራሱ ይጠቁመዋል። “ይህች ሴት ምን ዓይነት ሰው ናት?” በዪው። ሳትጠይቂው የአክስትሽን ስም ከጠራ ገና ሥራ ይቀርሻል።

ከደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ሌሊት ለመጻፍ ስቀመጥ ወይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ የዜና ዓይነት ነገር ጽፌ እነሣለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከውኃው አይጀምሩ። ከሰዓታት በፊት ካለው ይጀምሩ። ጎርፉ የመጣው ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከቅዳሜ ወደ እሁድ በሚወስደው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የቅዳሜ ከሰዓት አለልዎት። ማን ምን ያጥብ ነበር? ልጆቹ የተጣሉት በምን ነበር? ለእሁድ ምን ታስቦ ነበር? አንባቢው የሚመጣውን ያውቃል፣ ባለታሪኮቹ አያውቁም። ይህ ልዩነት ብቻውን ገጹን ስለሚያከብደው “ያ አስፈሪ ሌሊት” የሚል ሐረግ አያስፈልግዎትም።

የዜና ዓይነት ነገር የሚመጣው ዛሬ የሚያውቁትን ለያኔው ልጅ ስለሚያውሱት ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ደረቅ አሸዋ ነው፤ የሚሞላው ከላይ ደጋው ላይ በሚጥለው ዝናብ ነው። ይህን ዛሬ እርስዎ ያውቃሉ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ግን የሚያውቀው ከእንቅልፉ የቀሰቀሰውን ድምፅ ብቻ ነው። የድሬዳዋ ልጅ በሌሊት ከሩቅ የሚመጣ ከባድ ድምፅ ሲሰማ “ባቡር ነው” ሊል ይችላል። እንዲሳሳት ይፍቀዱለት። ከ200 በላይ ሰው መሞቱም ለልጁ የማይታወቅ ነገር ስለሆነ ታሪኩ ውስጥ አይግባ። አንድ ቤት፣ አንድ የጠፋ ሰው ወይም አንድ የጠፋ ነገር ይበቃል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የሕፃን ጫማ ግን ይተዉ፤ የጎርፍ ታሪክ የሚልኩልን ብዙዎቹ አስገብተውታል፣ አሁን ማንንም አያስደነግጥም። ግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ከልጁ ቁመት በላይ ነው ወይስ በታች? ልጁ አጠገቡ ቆሞ ራሱን ቢለካበት፣ ከአሥር መስመር መግለጫ የበለጠ ይናገራል።

ስለ መንቀጥቀጡ። በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ አይጻፉ፤ ሰዓት ሞልተው ይቀመጡ፣ ሲጮኽ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም ይነሡ። ያላለቀው ዓረፍተ ነገር ለነገ መግቢያ ይሆናል። ማታ ከመኝታ በፊት አይጻፉት። “እኔ” ካስቸገረዎት በ“እሱ” ይጻፉ፣ ልጁንም ሌላ ስም ይስጡት፤ ከብዙ ረቂቅ በኋላ ወደ “እኔ” መመለስ ይቻላል። እንቅልፍ የሚያሳጣዎት ከሆነ ግን ጽሑፉን ያቁሙና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ታሪኩ ቆይቶ ይጻፋል። ብዙ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ነገር ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የሚነኩት፤ ያኔ የትኛው ዝርዝር እንደሚያስፈልግ መምረጥ ይቀላል።

አንድ ነገር አደራ። ፈቃድ ሳይጠይቁ የሌላ ሰው ሟች የእርስዎ መጻፊያ አይሆንም። ጎረቤት የነገሩዎትን ከወሰዱ ሄደው፣ “እማማ፣ በሩን የሰበራችሁበትን ነገር ልጽፈው ነው፤ ስምና ቤት አይኖርበትም” ይበሉ። የሚወስዱትን ነገር ለይተው ይንገሩ። የሟቾችን እውነተኛ ስም ለባለታሪክ አይስጡ።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በሕይወቴ የረባ ነገር አልደረሰብኝም። ምን አለኝና ነው የምጽፈው?

መልስ፦ መዝገብ ክፍል ሰው ቀኑን ሙሉ ችግሩን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው። ትንሽ ደብተር ይያዙና በቀን አምስት መስመር ይጻፉ፦ የሰሙትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተባለ፤ አንድ ሰው እጁ ምን ይሠራ እንደነበር፤ አንድ ድምፅ ወይም ሽታ፤ የአንድ ነገር ዋጋ፤ ሰው ሊል አፉ ላይ ደርሶ የተወውን። አስተያየት አይጻፉ። “አሳዛኝ ሴትዮ” የሚል መስመር ከወር በኋላ ምንም አያስታውስዎትም። የባለጉዳይ ስምና የፋይል ይዘት ደብተሩ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ እሱ የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ነው።

በ30ኛው ቀን ገልጠው ሳያነቡ የሚያስታውሱትን ይጻፉ። የቀረው ጥሩው ነው። ከዚያ ከተለያየ ቀን ሁለት መስመር ወስደው ለአንድ ሰው ይስጡ። ለምሳሌ፣ አንዱ መስመር ባጃጅ ሲሳፈር ሳንቲሙን ሦስቴ የቆጠረ ሽማግሌ ነው፤ ሌላው ከመስኮቱ ፊት “ሌላው ይቅር፣ ፎቶውን ብቻ መልሱልኝ” ያለች ሴት። ፎቶውን የጠየቀው ሽማግሌው ቢሆንስ? የማን ፎቶ ነው? ለመሳፈሪያ እንኳ ሳንቲም እየቆጠረ ስንት ቀን ተመላልሷል? ያዩት ሁለት ነገር፣ የፈጠሩት መያያዣ። አብዛኛው ልብ ወለድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ትልቅ አደጋ የደረሰበት ሰው ያለው ብልጫ ከሚገመተው ያነሰ ነው።

ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለታሪኮቼ እንደ ሰፈሬ ልጆች እንዲናገሩ ስለፈለግሁ “አቦ” እና “ወሪያ” በየቦታው አስገባሁ። የአማርኛ መምህራችን “በዛ” አለኝ። እኛ ግን እንደዚያ ነው የምናወራው!

መልስ፦ የምታወሩት እንደዚያ ነው፣ መምህርህም ልክ ናቸው። ጆሮ የሚለምደውን ዓይን ሲደጋገምበት ይሰለቻል። በአንድ ገጽ አንድ “አቦ” ይበቃል፤ እሱንም ሁልጊዜ ለሚለው አንድ ባለታሪክ ብቻ ስጠው፣ ያኔ ስሙን ሳትጠቅስ እንኳ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። የድሬ አነጋገር የሚለየው በእነዚህ ቃላት ብቻ አይደለም። ሰው እየተከራከረ ይጋብዛል፣ እየሰደበ ይወዳል፣ በአንድ ጨዋታ መሐል ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ ይሻገራል። የሚሻገረው መቼ እንደሆነ አስተውል፦ ሲቆጣ? ሲያስታርቅ? ዋጋ ሲከራከር? ይህንን ከጻፍክ ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ቦታው ይሰማል።

የሌላ ቋንቋ ቃል ስታስገባ ትርጉሙን በቅንፍ አትጻፍ። “‘ኮቱ!’ አለችው ወንበሩን ወደ እሱ እየሳበች” ብትል፣ ኦሮምኛ የማይችለውም ይገባዋል። ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ሶማልኛ የሚናገረውን ሁሉ ነጋዴ፣ ኦሮምኛ የሚናገረውን ሁሉ ከገጠር ጫት ይዞ የመጣ አታድርገው። እንደዚህ ያለውን ከወሬ ነው የምንወስደው፤ የሰፈርህን ልጆች አንድ በአንድ ብታስባቸው እንደዚያ አይደሉም።

ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ በ“እኔ” ስጽፍ ባለቤቴ ሳይቀር ሁሉንም የራሴ አድርጎ ያነበዋል። “መቼ ነው እንደዚህ ያደረግሽው?” ይለኛል።

መልስ፦ ለተራኪዋ እርስዎ ፈጽሞ የሌለዎትን አንድ ነገር ይስጧት፦ ሌላ ሙያ፣ የማይስማሙበት እምነት፣ ወይም ለማንም ያልተናገረችው ውሸት። ስለ አንድ ጉዳይም ተሳስታ ትናገር፣ አንባቢ መሳሳቷን ይወቅባት። ከዚያ አንድ ገጽ ወስደው “እኔ”ን በ“እሷ” ይተኩ። ተውላጠ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሌላው ምንም ካልተናጋ ተራኪዋ ገና እርስዎ ነዎት። ለባለቤትዎ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ያስነብቡ።

ከቀፊራ አካባቢ፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ ልጅነቴን በትክክል የማስታውስ ይመስለኛል፤ ወንድሜ ግን ሁሉም ተሳስቷል ይለኛል። እንዴት ላጣራ?

መልስ፦ ትዝታ ዓመታትን ያቀላቅላል፤ ጸሐፊን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት ደግሞ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ እንኳ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በ1987 የድሬዳዋ ታሪክ ውስጥ ኪሱ ውስጥ ስልክ የሚጮኽበት ሰው ሊኖር አይችልም። የ200 ብር ኖት የመጣው በመስከረም 2013 ነው። የድሬ ሰው ሐረርን ሲጽፍ የሚሠራው ስህተት ደግሞ የአየሩ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል፤ በደንገጎ ዳገት በኩል ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ በስስ ሸሚዝ የተነሣ ባለታሪክ ኅዳር ላይ ሐረር ሲያመሽ መብረዱ አይቀርም። ይህ ካልተጻፈ የሐረር አንባቢ ጽሑፉን ማመን ያቆማል።

ሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቁ፣ አንድ ላይ አይጠይቋቸው፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል። ከፎቶ ጀርባ የተጻፈ ቀን፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቆየ ደረሰኝ ይፈልጉ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀንና ስለ ቦታ በሰነድ ይታረሙ። ወንድምዎ ማን በሩን እንደከፈተ ወይም አባት ያን ቀን ተቆጥተው እንደሆነ የሚከራከርዎት ከሆነ ግን አይታረሙ፤ አንድን ቀን ሁለት አድርገው የሚያስታውሱ ወንድማማቾች ጥሩ ታሪክ ይወጣቸዋል።

ከሸንኮር፣ ሐረር

ጥያቄ፦ እናቴ ውጭ አገር ሳለሁ የጻፈችልኝን ደብዳቤ እንዳለ ልብ ወለዴ ውስጥ ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ የተጻፈው ቃል ግን የጻፉት የእናትዎ ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። እናትዎ ካሉ ይጠይቋቸው፣ ካረፉ ከወንድምና እህቶችዎ ጋር ይስማሙ።

ፈቃድ ቢያገኙም ግን እንዳለ አያስገቡት። እውነተኛ ደብዳቤ ለአንድ ሰው የተጻፈ ስለሆነ፣ አንባቢ የማያውቃቸው አሥር ስሞች ይኖሩበታል። ቅርጹን ይውሰዱ፦ “ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ” ብሎ ይጀምራል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ ያደርሳል፣ ዋናውን ወሬ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም ከፊርማው በታች ጣል ያደርገዋል። ያ ማዘግየት ለታሪክዎ ይጠቅማል። ስድስት መስመር ያህል ራስዎ ይጻፉ፤ አምስቱ ሰላምታ ይሁኑ፣ ወሬው ስድስተኛው ላይ ይምጣ። ቀጥሎ ልጁ ምን እንደተሰማው አይግለጹ። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ አጥፎ እንደዘረጋው ይጻፉና ወደሚቀጥለው ትዕይንት ይለፉ።